ልብ የሚባለው ቦታ

ትክክለኛ መልስ ጽፌ ጣሉኝ። በደሉ ይኼ ነው። ከአሥር ጥያቄ ሰባት ያገኘ ያልፋል ተባለ፤ ለእኔ ስድስት ተሰጠኝ፤ ሰባተኛዋ መልሴ ልክ ሆና ሳለ በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘች። በእሷ ምክንያት የአሥረኛ ክፍል ካርዴ ታገደ። ካርድ ያልያዘ ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍል አይመዘገብም። የዴስክ ጓደኞቼ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ዓመት ቢወድቁ እናታቸው ትቆጣለች፣ በቃ። እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው። የምጥለው ዓመት የለኝም።

የምኖረው ቆቦ ነው። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያው አካባቢ ጫኝና አውራጅ ነኝ፤ ማሽላውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ ሲሚንቶውንም፣ የመጣውን እሸከማለሁ። ከሰዓት በኋላ ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ትምህርት ቤት እገባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የበሩ ጥበቃ ወላጅ መስዬው "ማንን ፈልገው ነው?" ይለኝ ነበር። "ራሴን" እለዋለሁ። አሁን ለምዶኛል።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ማንበብ አለመቻሌን ደብቄ እኖር ነበር፤ ጆንያ ላይ የተጻፈውን አይቼ እንዳነበበ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን የዋጃን ጭነት ጎብዬ በሚሄደው መኪና ላይ ጫንኩት። ዋጃ ወደ ሰሜን ነው፣ ጎብዬ ወደ ደቡብ። ነጋዴው ሰው በተሰበሰበበት ያላለኝ ነገር የለም። አልመለስኩለትም፤ እውነቱን ነበር። በሳምንቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ፣ ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም።

ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ አመል አለው። ልጆቹ ዓረፍተ ነገሩን በዓይናቸው ጠራርገው ያልፉታል። እኔ በእግሬ ነው የማልፍበት። እያንዳንዱ ቃል ላይ እቆማለሁ፣ ይሸከመኝ እንደሆነ እረግጠዋለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። መምህራኑ ይኼን መዘግየት ይሉታል። ይበሉት። እነሱ ያላዩትን ያየሁት በዚሁ በመዘግየቴ ነው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ በትምህርት ቤታችን አዲስ ደንብ ወጣ። አሥረኛ ክፍል የሚጨርስ ተማሪ ሁሉ ሲፒአር ካልተማረና ካልተፈተነ ካርድ አይሰጠውም ተባለ። ሲፒአር ማለት ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን ደጋግሞ በመጫን ደሙ እንዳይቆም ማድረግ ነው። ከእሱ ጋር ደግሞ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን ማሽን አጠቃቀም እንድንማር ነው። በወላጅ ስብሰባ ላይ ብዙ ተጉረመረመ። አንዱ አባት ልጄን የላክኋት ሂሳብ እንድትማር እንጂ ሬሳ እንድትነካ አይደለም ብሎ ተነሳ። አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት የሚለው ሲነበብማ ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ አማተበ፣ ከሙስሊሞቹ በኩል ደግሞ "አዑዙ ቢላህ" ሲባል ሰማሁ።

እኔ ደንቡን ደገፍኩ። እዚያው ስብሰባ ላይ ተነስቼ ነው የደገፍኩት፤ እንደ ተማሪም እንደ ራሴ ወላጅም የተጠራሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ግዴታ ካልሆነ ማንም አይማረውም አልኳቸው። ሰው ሲወድቅ እኛ አገር የምናውቀው ሦስት ነገር ነው፤ ውኃ እንደፋበታለን፣ ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን፣ ከበን አየር እንከለክለዋለን። መንገድ በተዘጋባቸው ዓመታት አምቡላንስ የሚባል ነገር ስሙን ረስተን ነበር። መንገዱ ተከፍቶም ቢሆን ከገጠር ቀበሌ ቆቦ እስኪደረስ የቆመ ልብ አይጠብቅም። እዚያው አጠገቡ ያለ ሰው ካልደረሰለት ሌላ የሚደርስለት የለም። ይኼን ዛሬም እላለሁ። ጠቡ ከደንቡ ጋር አልነበረም።

አስተማሪ ሆኖ የተመደበው የስፖርት መምህሩ ነው። ወልድያ ሄዶ ሦስት ቀን ሠልጥኖ፣ አንድ አሻንጉሊት፣ አንድ የመለማመጃ ማሽንና አንድ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ጎበዝ ልጅ ነው። ልጅ የምለው ሠላሳም ስላልሞላው ነው። እኔን "ጋሼ" ብሎ በ"እርስዎ" ነበር የሚያናግረኝ።

አሻንጉሊቱ ሰው ነው፤ ግን እጅም የለው፣ ከወገቡ በታችም የለም። ልጆቹ "ታጋሹ" ብለው ስም አወጡለት፤ ማንም መጥቶ ቢጫነው፣ ማንም አፉ ላይ ቢተነፍስበት ዝም ስለሚል። ደረቱን በልኩ ሲጫኑት ውስጡ ቀጭ ይላል። ካላለ አልተጫንክም ማለት ነው። ማሽኑ ደግሞ ለመለማመጃ የተሠራ ስለሆነ እውነተኛ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ግን ይናገራል። ሲከፍቱት የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ታዛለች። መምህሩ ይተረጉምልናል። "ራቁ፣ በሽተኛውን ማንም እንዳይነካ" ሲል የፊተኛው መደዳ ተማሪ በሙሉ ከምሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ አግዳሚ ወንበር ገለበጠ። ማሽኑ ደረት ላይ የሚለጠፉ ሁለት ልጣፎች አሉት። አንዱ ከቀኝ ጡት በላይ፣ ከአንገት አጥንቱ ሥር ነው፤ ሌላው በግራ ጎን፣ ከብብት በታች ነው። እዚህ ነው ብሎ የሚነግር ቃል የለውም። ሥዕል ነው ያለው። ይኼን ልብ አልኩት።

የእኔ ተራ ሲደርስ ከኋላ አንዱ "ጋሼን ተዉአቸው፣ ጫኝ ናቸው፤ ለመጫን ማን ይቀድማቸዋል!" አለና ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ተንበርክኬ ሠላሳ ጊዜ ተጫንኩት፣ ሠላሳ ጊዜ ቀጭ አለ፣ አንድም አልሳትኩ። መምህሩ ልጆቹን ጠርቶ የክንዴን አቀማመጥ አሳያቸው። ክርኑን ሳያጥፍ፣ በክንድ ሳይሆን በወገብ እንደሚወርድ እዩ አላቸው። እውነቱን ነው፤ ጆንያም የሚነሳው እንደዚያ ነው።

ችግሩ ታጋሹ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እኛ ከሦስት መቶ በላይ ነን። ደወሉ ሲደወል ገና ሃያ ተማሪ አልነካውም ነበር። ከዚያ በኋላ አሻንጉሊቱም ማሽኑም ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆለፈባቸው፣ ቁልፉም ከንብረት ክፍል ሠራተኛው ጋር ቀረ። ሰውየው ደግሞ እንዲሰበርበት አይፈልግም። ሰው ከሞት የሚመልሰውን ትምህርት እንዳይሰበር ብለው ቆለፉበት። ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ ታጋሹን ከሩቅ አይቶ ነው የቀረው። የተማረው ከወረቀቱ ነው።

ወረቀቱ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። ማን እንደተረጎመው አልተጻፈበትም። አራተኛው መስመር እንዲህ ይላል፤ ሁለት እጅዎን አደራርበው የተጎጂው ልብ ላይ በኃይል ይጫኑ። ልጆቹ አነበቡት፣ አለፉት። እኔ "ልብ ላይ" የምትለዋ ላይ ቆምኩ። ረገጥኳት። አልያዘችኝም።

በመጽሐፍ ልብ አንድ ነው፤ ደረት ውስጥ ሆኖ የሚመታው። በእኛ አፍ ግን ልብ ሁለት ቦታ አለው። ሚጥሚጣ የበዛበት ሰው "ልቤን አቃጠለኝ" ይላል። መኪና ያዞረው "ልቤን አጥወለወለኝ" ይላል። ጤና ጣቢያ ሄዶ "ልቤን ያመኛል" ሲል እጁ የሚያርፈው የጎድን አጥንቶቹ ከተጋጠሙበት በታች፣ አጥንት በሌለበት ለስላሳው ላይ ነው። ጨጓራውን ማለቱ ነው። ከተማረው ውስጥም ያልተማረው ውስጥም እንደዚህ የማይናገር ካለ አላገኘሁትም። እንግዲህ ለዚህ ሰው ልቡ ላይ ተጫን በሉት። የት ነው የሚጫነው? ለስላሳው ላይ ነዋ። እዚያ ቢጫኑ የሚመታውን ልብ አይደርሱትም። ወደታች በተጫኑ ቁጥር የበላው ወደ ላይ ይመጣል፣ ጉበቱም ይጎዳል። የሚያድን መስሎት ይጨርሰዋል።

ይኼን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚስቴ ወንድምና እኔ አብረን እንጭን ነበር። አንድ ጠዋት ሮቢት ላይ ሽንኩርት አይሱዙ ላይ ስንጭን፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቀጥ አለ። ጆንያው ወደ ኋላ ወደቀ፣ እሱ ወደ ፊት። ገልብጬ አጋደምኩት። አይተነፍስም። ሰው ከበበን። አንዱ ውኃ ደፋበት፣ አንዱ ክብሪት ጫረ። ከኋላ አንድ ድምፅ "ልቡን ተጫንለት፣ ልቡን" አለኝ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ምናልባት ደረቱን ማለቱ ነበር። እኔ ግን ልብ ሲሉኝ እጄ የሄደው ወደማውቀው ልብ ነው። ከጎድኑ በታች፣ ለስላሳው ላይ፣ በሁለት እጄ ተጫንኩት። ኩንታል በሚያነሳ ጉልበት ተጫንኩት። ጠዋት የበላው በአፉ ወጣ። እኔ ነፍስ የዘራ መሰለኝና ይበልጥ ተጫንኩት። ባጃጅ ተገኝቶ ቆቦ ሳንደርስ አለቀ።

ደረቱ ላይ ብጫነው ኖሮ ይድን ነበር አልልም። እሱን እግዜር ያውቃል። ትክክለኛው ቦታ ሳይሞከርለት መሞቱን ግን እኔ አውቃለሁ። ይኼን የተረዳሁት ታጋሹ ላይ ተንበርክኬ የመጀመሪያዋን ቀጭ የሰማሁ ዕለት ነው። ለሚስቴ አልነገርኳትም።

ስለዚህ ወረቀቱ በታደለ በማግስቱ እጄን አወጣሁ። ቲቸር፣ ይኼ ቃል ሰው ያሳስታል፣ "ልብ" የሚለው ወጥቶ "የደረት አጥንቱ መሃል" ቢባል አልኩት። መምህሩ ፈገግ ብሎ፣ ጋሼ፣ ልብ የት እንዳለ የማያውቅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አለ እንዴ አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ሥዕል ሲያሳዩአቸው ያውቁታል፣ ሰው ሲወድቅ ግን የሚሰሙት በእናታቸው አፍ ነው አልኩ። ወረቀቱ ከላይ የመጣ ነው፣ እኔ ቃል የመቀየር ሥልጣን የለኝም አለኝ። እኔም ሥልጣን የሌለው ሰው ማንበብ ይችላል አልኩት። እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ። በተማሪዎቹ ፊት ማለት አልነበረብኝም። ፊቱ ሲቀላ አየሁት፣ ግን ከአፌ ወጥቶ ነበር።

ፈተናው ግንቦት መጨረሻ ላይ መጣ። አሥር ጥያቄ፣ ሁሉም በጽሑፍ። ሰባተኛው ባዶ ቦታ ሙላ ነው፤ የተጎጂው ልብ ምት ሲቆም ሁለት እጃችንን አደራርበን የምንጫነው ዳሽ ላይ ነው ይላል። የሚፈልጉት "ልብ" የሚለውን ነው። ሁለት ፊደል። እኔ "ልብ አይባልም። የደረት አጥንቱ መሃል ላይ" ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ስላልበቃኝ ወደ ጎን ተጻፈ። ሦስት ጥያቄ ከእንግሊዝኛ ቃላት ስለነበሩ በእነሱ መውደቄን አልክድም፤ እነሱ የእኔ ጥፋት ናቸው። ሰባተኛው ግን የእኔ ጥፋት አይደለም። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ ተሰርዟል፣ ከላይ ስድስት ተጽፎበታል።

መምህሩን ሜዳ ላይ አገኘሁት። ኳስ እየነፋ ነበር። ለምን ሰረዝከው አልኩት። ያን ቀን ነው "አንተ" ያለኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ፈተና ማለት ወረቀቱ ላይ ያለውን መመለስ ነው፤ አስተያየት መስጫ አይደለም" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲያውም ክፉ ሰው ስላልሆነ፣ መውጫ አበጀልኝ። ዓርብ የወደቁት በድጋሚ ይፈተናሉ፣ ጥያቄው ያው ነው፣ ሁለት ፊደል ጽፈህ ካርድህን ውሰድ አለኝ።

ቤት ሄጄ ለሚስቴ ነገርኳት። እሷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቀና እንኳን አላለችም። ሁለት ፊደል አይደል፣ ጻፍላቸውና ና አለች። አሥር ዓመት ሙሉ በዚህ ጉልበትህ ላይ ደብተር ተሸክመህ፣ አሁን በአንድ ቃል ልታስቀረው ነው ወይ፤ አንተ ደግሞ እልህህ ከጆንያው ይከብዳል አለች። እውነቷን ነው። እልኸኛ ነኝ። ግን እልህ ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቅ ፈለግሁ። ያን ጊዜ ነው የሮቢቱን የነገርኳት። ወንድሟን የት ላይ እንደተጫንኩት በራሴ ሆድ ላይ አሳየኋት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አልጠየቅኋትም።

"እንግዲያ እንዳትጽፈው" አለችኝ።

ዓርብ ከወደቁት ጋር ተቀመጥኩ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ያንኑ ጻፍኩ። ይኼን ጊዜ በትልልቁ ጻፍኩት፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሰው ሣልኩ፤ ጭንቅላት፣ ደረት፣ ሆድ። ደረቱ መሃል ላይ ነጥብ አደረግሁ፣ ሆዱ ላይ ኤክስ። ሥዕሌ ያስቃል። መምህሩ ግን አልሳቀም። ይኼ ሰው እየተፈታተነኝ ነው ብሎ ወረቀቱን ዳይሬክተሩ ጋ ወሰደው፤ ለረቡዕ ጠዋት ተጠራሁ።

ቢሮው ውስጥ አራት ሆንን። ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ፣ የስፖርት መምህሩ በቀኙ፣ የባዮሎጂ መምህርቷ በግራው፣ እኔ ከበሩ አጠገብ። ባዮሎጂዋን የጠሯት እንድትፈርድ ነው። ጭነቴን ትቼ ስለመጣሁ በሥራ ልብሴ ነበርኩ፤ ሲሚንቶ ትከሻዬ ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ዳይሬክተሩ ተቀመጥ አለኝ። ወንበሩን እንዳላቆሽሸው ብዬ ቆሜ ቀረሁ። አልፈራሁም ነበር። ትክክል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቆሞም ቢሆን አይደክመውም።

ባዮሎጂዋ መጽሐፍ ከፍታ ልብ በደረት ክፍተት ውስጥ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል እንደሚገኝ አነበበች። ስለዚህ "ልብ ላይ" ማለት ደረት ላይ ማለት ነው፣ ወረቀቱ ስህተት የለበትም አለች። የስፖርት መምህሩ፣ ይኸው፣ አለ። እኔ መጽሐፉ ልክ ነው አልኩ። ሰው ግን ሲወድቅ መጽሐፍ ገልጠው አይደለም የሚረዱት። ማሽኑን እዩት አልኳቸው፤ የሠሩት ሰዎች ልጣፉ ላይ ልብ ብለው አልጻፉም፣ ሥዕል ነው ያደረጉት፤ ሥዕሉን ያየ አይሳሳትም፣ ቃሉን የሰማ ይሳሳታል። የስፖርት መምህሩ ይኼ የመሃይም ክርክር ነው አለ። ዳይሬክተሩ ተው አለው። እኔ፣ ይናገር፣ መሃይም ነበርኩ፣ ለዚህ ነው የማውቀው አልኩ።

እንዲህ ስንባባል ግማሽ ሰዓት ሄደ። የሰኔ ጾም ነው፤ ዳይሬክተሩ ምንም አልቀመሰም። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። መሳቢያውን ከፍቶ የሆነ ኪኒን ፈለገ፣ መጾሙን አስታወሰና መልሶ ዘጋው።

"ኧረ እባካችሁ አሳጥሩት፣ እኔን ልቤን እያቃጠለኝ ነው" አለ።

እጁን አየሁት። ከክራቫቱ ጫፍ በታች፣ ለስላሳው ላይ ነበር።

"ዳይሬክተር፣ እጅዎን እዚያው ይተዉልኝ" አልኩት።

ወደ ታች ጎንበስ ብሎ የገዛ እጁን አየ። ባዮሎጂዋ ቀድማ ሳቀች። አፏን በመጽሐፉ ሸፈነች፣ ግን ትከሻዋ ይነቃነቅ ነበር። ዳይሬክተሩ እጁን ለማንሳትም ላለማንሳትም አፍሮ እንደያዘው ቀረ። ሁለት ዲግሪ ያለው ሰው ነው። ልብ የት እንዳለ ከእኔ በላይ ያውቃል። እጁ ግን የእናቱን አፍ ነው የሰማው።

የስፖርት መምህሩ አልተሸነፈም። የአንድ ሰው ጨጓራ ማስረጃ አይሆንም አለ። እዚህ ላይ ትክክል ነው፤ እኔም ተቀበልኩት። በር ላይ ካርድ የሚጠብቁ ወላጆች ተሰልፈዋል፣ እንውጣና እንጠይቅ አልኩ። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ለመነሳት ምክንያት ይፈልግ ስለነበር ቀድሞ ወጣ።

ጠያቂው የስፖርት መምህሩ ራሱ እንዲሆን አደረግሁ። ቃሌን አስገባ እንዳይባል ብዬ ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልብዎን ያሳዩኝ። የመጀመሪያው ወጣት አባት ደረቱን በግራ በኩል ነካ። መምህሩ ዞሮ አየኝ። ከእሱ ቀጥላ የነበረችው ከጎብዬ የመጣች ነጋዴ ሴት ናት። ጥያቄውን ሳይጨርስ እጇን ከጎድኗ በታች አሳረፈች። ይኸው ናት፣ ወላሂ በርበሬ ከቀመስኩ ሌሊቱን አታስተኛኝም፣ ምነው መድኃኒት ልትሰጡኝ ነው አለችው። ሰልፉ ሳቀ። የበሩ ጥበቃ በሳቅ ሆዱን ያዘ። ሌላ እናትም እንዲሁ፣ ከእሷ ቀጥለው የነበሩት ሁለቱም እንዲሁ። መምህሩ ድምፁ እያነሰ መጣ።

ስድስተኛው ከዋጃ በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ካርድ ሊወስዱ ነው የመጡት። በዱላቸው ተደግፈው ጥያቄውን በደንብ አዳመጡ።

"የትኛውን ልቤን?" አሉ። "የሚያቃጥለውን ነው የሚመታውን?"

ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ዳይሬክተሩ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ፣ አባቴ፣ ሰው ድንገት ቢወድቅና ልቡ ላይ ይጫኑ ብንልዎት የት ይጫናሉ ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ይኼ ምን ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አዩት። ከወደቀማ ይኼኛው ነው የጠናበት አሉና የራሳቸውን ሆድ፣ ለስላሳውን፣ በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉ።

የስፖርት መምህሩ መዳፋቸውን አየ። እሱ ጡንቻና አጥንት የሚያውቅ ሰው ነው፤ እዚያ ቦታ ሲጫኑ ምን እንደሚሆን ለእሱ የሚነግረው አያስፈልግም። ከዚያ ሰልፍ በኋላ ሌላ ሰው አልጠየቀም። ተመልሰን ቢሮ ገባን። ወረቀቱን ስጡኝ አለ። "ልብ ላይ" የሚለውን ራሱ ሰረዘው፤ የእኔን መልስ የሰረዘበት ያው ቀይ እስክሪብቶ ነው። በላዩ "የደረቱ መሃል፣ በሁለቱ ጡቶች መካከል፣ አጥንቱ ላይ" ብሎ ጻፈ። ባዮሎጂዋ ሥዕል ይግባበት አለች፣ እኔ የሣልኩት ግን አይሁን አለች። በእሱ ተስማማን።

ስድስቴን ሰባት አደረገው፣ ጎኑ ላይ ፈረመበት። ይቅርታ አላለኝም። እኔም እሱ ሜዳ ላይ ያለኝን፣ እኔ ክፍል ውስጥ ያልኩትን፣ አላነሳሁም። ሲወጣ ግን "ጋሼ፣ በሩን ይዝጉት" አለኝ። ወደ "እርስዎ" መመለሱን ሰማሁ።

ካርዴን እዚያው ሊሰጡኝ ነበር። አልተቀበልኩም። እምቢ ያልኩት ልታይ ብዬ አይደለም። ሦስት መቶ ልጅ "ልብ" ብሎ ጽፎ አልፏል። ያ ሁሉ ልጅ የተሳሳተውን ቃል ይዞ ወደየቀበሌው ሊበተን ነው፤ አንዱ ነገ ዳገት ላይ የወደቀ አባቱን ሆዱን ሊጫን ነው። እነሱ ተጠርተው እያንዳንዳቸው ታጋሹን ቀጭ ሳያደርጉ የእኔ ማለፍ ምን ይሠራል አልኳቸው። ዳይሬክተሩ ሆዱን ይዞ አየኝ። ባዮሎጂዋ ልክ ነው አለች። የስፖርት መምህሩ፣ እኔ ቆሜ አሠራቸዋለሁ፣ ቁልፉ ይሰጠኝ አለ። ቁልፉ ተሰጠው።

ልጆቹ ጠሉኝ። ዕረፍታችንን በሉብን አሉ። ከሮቢትም ከገጠር ቀበሌዎቹም በየቀኑ እየተመላለሱ፣ በዚያ ሙቀት ተሰልፈው፣ አንድ በአንድ ተንበረከኩ። ሠላሳ ጊዜ ቀጭ ያላሰኘ ወደ ሰልፉ ጅራት ይመለሳል። ክንዳቸው የደከመባቸውን ሴቶች ልጆች በክንድ ሳይሆን በወገብ እንዲወርዱ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ጠዋት ጭነቴን ጨርሼ እመጣለሁ፣ ከመምህሩ ጋር ከታጋሹ ግራና ቀኝ እንቀመጣለን፣ እሱ ይቆጥራል፣ እኔ እጃቸውን ቦታው ላይ አሳርፋለሁ። ብዙ አናወራም። አንድ ቀን ውኃ አመጣልኝ። አንድ ቀን እኔ ሙዝ ገዛሁለት። ሚስቴም አንድ ቀን መጣች። ተማሪ አይደለችም፣ ማንም ግን አልከለከላትም። ተንበረከከች፣ እጇን ያለ እኔ እርዳታ መሃሉ ላይ አሳረፈች፣ ሠላሳውንም ጨረሰች። ስትነሳ ጉልበቷን አራግፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

የመጨረሻው ተማሪ ተጭኖ የተነሳው፣ የታረመው ወረቀት ማኅተም ተመትቶበት በየክፍሉ የተለጠፈው፣ እኔም ካርዴን ፈርሜ የተቀበልኩት ሰኔ 27 ቀን፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው።